የዱባ ውለታ

የትዝታ ሚዛን ያደላል። ስለ ድሮ ማዕድ ወሬ በተነሣ ቁጥር ቀድመው የሚጠሩት የፋሲካው ዶሮ ወጥ፣ የእንቁጣጣሹ ጠላ፣ የቡሄው ሙልሙልና የመስቀሉ ድፎ ዳቦ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቀመሱ ናቸው። በቀሩት ቀኖች ቤተሰብን ያቆመው ምግብ ግን አስታዋሽ የለውም። ጎተራ ሲራቆት፣ አዲሱ እሸት ገና ሳይደርስ፣ ልጅን አጥግቦ ያስተኛውን ነገር በናፍቆት የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ውለታቸው ከተበላባቸው ከእነዚህ ምግቦች አንዱ ዱባ ነው፤ ውለታው ደግሞ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ፣ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ በባሕር ማዶ ያለች የጎንደር እናት ለሃሎዊን በቤቷ የዱባ ኬክ ስትጋግር ብዙዎች እንደሚሉት የባዕድ ልማድ ተሸክማ ነው ብዬ ለመፍረድ ይቸግረኛል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሳታስበውም ቢሆን፣ የቆየ ዕዳ እየከፈለች ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከቆላው የወቅት አቆጣጠር መጀመር ይሻላል። በመተማ ሜዳ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፤ ዝናቡ ደህና አድርጎ የሚይዘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዝናብ ማሽላውንና ሰሊጡን ይዘራል። ሰሊጡ የሚደርሰው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ እሱም ቢሆን የገበያ እህል እንጂ ጎተራ የሚሞላ አይደለም። ለእንጀራና ለገንፎ የሚሆነው ማሽላ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ ያለፈው ዓመት ማሽላ በሐምሌ ቢያልቅ እስከ ኅዳር ድረስ አራት ወር ባዶ ይሆናል። ይህ ባዶ ጊዜ ደግሞ የአረም፣ የወባና የጎርፍ ጊዜ ነው፤ ሰው ብዙ ጉልበት የሚያወጣበትና ጥቂት የሚበላበት ወቅት። ዱባ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ከጓሮው አመድ መድፊያና ከከብቶች በረት አጠገብ በግንቦትና በሰኔ የተተከለ ፍሬ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ለድስት ይደርሳል። እርሻ አይሻማም፤ ሐረጉ አጥሩን ይይዛል፣ ሲያሻው የጎጆውን ክዳን ይወጣል። በሬ አይፈልግም፣ ወፍጮ አይፈልግም፣ ጎተራም አይፈልግም። በደንብ የበሰለ ዱባ ልጡ ካልተነካ በደረቅ ጥላ ለወራት ይቀመጣል። ፍሬው ታጥቦና ደርቆ ይቆላል፤ የኮሶ ትልን ለማስወጣትም በብዙ ቤት ሲሠራበት ኖሯል።

የዱባን ውለታ ከሆድ መሙላት በላይ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ቢጫና ብርቱካናማ ሥጋው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቀለም ይዟል። የዚህ ቫይታሚን እጥረት ዳፍንትን ያመጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ልጅ መንገዱን ማየት ይሳነዋል። አረንጓዴው ሁሉ ደርቆ፣ ወተቱም ነጥፎ ከከረመበት በጋ በኋላ ክረምቱ ይዞት የሚመጣው ዱባ ለዚህ እጥረት መድኃኒት የሚሆን ምግብ ነው። ቀለሙን ሰውነት በደንብ እንዲያገኘው ጥቂት ቅባት ያስፈልጋል፤ መተማ ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው። በዘይት የተቁላላ የዱባ ወጥ በማሽላ እንጀራ የሚቀርብበት ሌማት፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ቢያቅደው ከዚህ የተሻለ ለማውጣት ይቸገራል። ያንን ማዕድ ያዘጋጁት ሴቶች ስለ ቫይታሚን የነገራቸው አልነበረም።

ታዲያ ይህን ያህል የሠራ ምግብ እንዴት ከትዝታ ወደቀ? የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዱባ በዓል የለውም። ዶሮ ፋሲካ አለው፤ ዳቦ ቡሄና መስቀል አለው፤ ንፍሮ እንኳ ሐዘንና ጾም አለው። ዱባ ግን በእንግዳ ፊት የማይቀርብ፣ ሌላ ወጥ ሲጠፋ የሚሠራ ነው። ሰነፍን ወይም ዝርጥጥ ያለን ሰው ለመስደብ ስሙ ይጠራል፤ ተረቱም ቢሆን ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ብሎ ከማነጻጸር አልፎ አላመሰገነውም። ሁለተኛው ምክንያት የታሪካችን አጻጻፍ ነው። መተማ በታሪክ መጽሐፍ የምትገባው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉባትና ሕይወታቸውን ያጡባት ቦታ ሆና ነው፤ የድንበሩ ከተማም መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች። ያ ጦርነት የተደረገው ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወሰው ረኃብ መካከል ነበር። ስለ ክፉ ቀን የተጻፈውን ስናነብ ከብቱ በደስታ በሽታ እንዳለቀ፣ የሚያርስ በሬ እንደጠፋ፣ ሰው እንደተሰደደ እናገኛለን። የጠፋው ነገር በዝርዝር ተመዝግቧል። የተረፉት ሰዎች ምን በልተው እንደተረፉ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ ቦታ እምብዛም አልተሰጠውም። የሞት ታሪክ ጸሐፊ አያጣም፤ የመትረፍ ታሪክ የሚቀረው በኩሽና ነው፤ የኩሽና ዕውቀት ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ እንጂ በወረቀት አይተላለፍም።

ዱባ የኛ ነው ስል ግን ከዘላለም ጀምሮ የኛ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም መልካሙ ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዱባ ዘር የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። በሜክሲኮ ኦሃካ ውስጥ ካለ ዋሻ የተገኙ የዱባ ቅሪቶች ሰው እዚያ ዱባን ማልመድ የጀመረው ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ያሳያሉ። ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረው ኮሎምበስ መንገዱን ከከፈተ በኋላ ነው። ቅል በአንጻሩ አፍሪካዊ ነው፤ ከኮሎምበስ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ አሜሪካ ደርሷል፤ በባሕር ማዕበል ተንሳፍፎ አትላንቲክን ሳይሻገር እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ያምናሉ። የኛ ቅል ወደዚያ ሄደ፣ የነሱ ዱባ ወደዚህ መጣ፤ ዛሬ ሁለቱ በአንድ አጥር ላይ ይተቃቀፋሉ። ለቆላው እውነተኛ ነባር የሚባል እህል ካለ ማሽላ ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ አካባቢ በተደረገ ቁፋሮ የተገኘ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የማሽላ አሻራ፣ እህሉ በዚህ በድንበሩ ዙሪያ ባለው ምድር ከጥንት እንደተላመደ ያስረዳል። ዱባ ከማሽላ ጎን እንግዳ ነው። ግን በመተማ እንግዳ ያልሆነ ማን አለ? በ19ኛው መቶ ዓመት ገበያዋን ያቆሙት ተክሩሮች ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ሲጓዙ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ጉሙዞች ቀደም ብለው በቆላው ኖረዋል፤ ቅማንትና አማራ ከደጋ ወርደዋል፤ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ከወሎና ከሌሎች የተጎሳቆሉ አካባቢዎች ብዙ ቤተሰብ መጥቶ ጫካ መንጥሮ ጎጆ ቀልሷል። አዲስ ሰፋሪ በመጀመሪያው ክረምት ምን እንደሚተክል መገመት አያቅትም፤ ቶሎ የሚደርሰውን ነው።

አሁን ወደ ሃሎዊን እንሻገር። በአሜሪካ፣ በነሱ አቆጣጠር ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ዱባ ፈልፍለው ሻማ የሚያበሩበት፣ ልጆች ተሸፋፍነው ቤት ለቤት ከረሜላ የሚለምኑበት ይህ ምሽት መነሻው የአየርላንድና የስኮትላንድ የመኸር መዝጊያ ነው፤ ቀጥሎ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ኅዳር መግቢያ ላይ ስላዋለች የዚያ በዓል ዋዜማ ሆነ። በአየርላንድ ይፈለፈል የነበረው ቀይ ሥር የመሰለ ሥራሥር ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የድንች ረኃብ ያባረራቸው አየርላንዳውያን አሜሪካ ሲደርሱ በእርሻው ሁሉ ዱባ ተንከባሎ አገኙ፤ ለመፈልፈልም ይቀላል፣ ወሰዱት። የበዓሉ ዱባ እንግዲህ የረኃብ ስደተኛ ሥራ ነው ለማለት ይቻላል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ደግሞ ድሆችና ልጆች በዚያ ሰሞን በየደጁ እየዞሩ ስለ ሟቾች ነፍስ ጸሎት ሲያደርሱ ትንንሽ ጣፋጭ ዳቦ ይሰጣቸው ነበር። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁለት ነገር ሳያስታውስ አያልፍም፤ አንደኛው ተዝካር፣ ሁለተኛው ነሐሴ 13 ቀን ጅራፍ እያጮሁ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች የሚቀበሉት ሙልሙል። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው አልቀዱም። ሟችን በእህል መዘከርና በደጅ ለቆመ ልጅ ዳቦ መቁረስ ሰው ሁሉ ለብቻው የደረሰበት ነገር ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የመተማን ዱባ ከአሜሪካው ጋር ያገናኘው የስደት መንገዱ ራሱ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከቀይ ሽብር፣ ከጦርነትና ከ1977ቱ ድርቅ የሸሸ ሰው ከጎንደር ወደ ሱዳን ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ ይህ ቆላ ነበር። በሌሊት በቋራና በአርማጭሆ በረሃ አድርጎ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ገዳሪፍ አካባቢ ባሉ የስደተኞች ሠፈሮች ከርሞ፣ ዕድል ሲቀናው ካርቱም ይገባል። ከጎንደር ገጠሮች የወጡት ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ቆላ ነው የተጓዙት፤ በኅዳር 1977 ዓ.ም. በተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ከተወሰዱት 8,000 ያህል ሰዎች ጀርባ፣ በመንገድና በሱዳን ሠፈሮች የሞቱ ብዙ ሺህ አሉ። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕጓን ስታወጣ ከሱዳን ሠፈሮች ከወሰደቻቸው የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዛሬ በዋሺንግተን፣ በሲያትል፣ በዳላስ የአያትነት ዕድሜ ላይ ከደረሱት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ይህን መንገድ ያውቁታል። አሜሪካ ሲደርሱ ያጋጠማቸው ነገር ቀልድ ይመስላል፤ ሸሽተውት የመጡት የክረምት ምግብ በመደብሩ ደጃፍ ተከምሮ፣ ሰው ለጌጥ እየገዛው፣ በሳምንቱ ከቆሻሻ ጋር ሲጥለው። ለኬክ የሚፈለገው ደግሞ በቆርቆሮ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል፤ በአብዛኛው ከኢሊኖይ ግዛት የሚመጣ ነው፤ ዝርያውም ለጌጥ ከሚፈለፈለው የተለየ፣ ልጡ ቡናማ የሆነ ጣፋጭ ዱባ ነው። ዱባ ድኃ ያልሆነበትን አገር ማየት አንድ ነገር ያስተምራል። ምግብ በራሱ ክብር ወይም ውርደት የለውም፤ ቀን የወጣለት ይከበራል።

በዚህ በዓል ዱባ መጋገርን የሚገጥመው የመጀመሪያውና ብርቱው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው። ሃሎዊን የአጋንንት በዓል ነው፣ ጭምብሉም አጽሙም ለክርስቲያን ልጅ አይገባም የሚሉ ካህናትና ፓስተሮች ብዙ ናቸው፤ ለልጆቻቸው የሚጨነቁ ወላጆችን አላቃልልም። ነገር ግን ጭምብልና ኬክ አንድ አይደሉም። ቀኑን በኛ አቆጣጠር እንየው። የነሱ ጥቅምት 31 የኛ ጥቅምት 21 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 20 ይውላል። ጥቅምት 21 የማርያም ወርኃዊ በዓል ነው። ዕለቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው በጽጌ ወቅት ውስጥ ይወድቃል፤ ጽጌ ደግሞ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷ የሚታሰብበት፣ ብዙዎች በፈቃዳቸው የሚጾሙት ጊዜ ነው። በመተማ በኩል የተሰደደች እናት በዚህ ሰሞን ዱባ አብስላ ስደትን ብታስብ ከየትኛው ቀኖና ጋር እንደምትጋጭ አይታየኝም። ጾመኛ ከሆነችም ዱባው ራሱ ያግዛታል። ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ በኬክ ውስጥ የእንቁላልንና የቅቤን ሥራ መሥራት ይችላል፤ እርጥበት ይሰጣል፣ ሊጡንም ያያይዛል። ዱቄት፣ የተፈጨ ዱባ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የኬክ ዱቄት ማንሻ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ብቻ ያለበት ኬክ አንዳች የፍስክ ነገር የለውም። ቅመሞቹም ቢሆኑ በሻያችን ውስጥ የኖሩ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን የሚመጣ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚፈትነኝም እሱ ነው። የችግር ጊዜን ምግብ በስኳር ቀብቶ ማክበር ረኃብን ማሳመር አይሆንም ወይ? ዱባ በነሐሴ የተበላው ስለተወደደ አልነበረም፤ ሌላ ስላልነበረ ነው፤ ከእሱ መገላገል የፈለገን ሰው ና ናፍቀው ማለት ግፍ ነው ይላሉ። እውነት አለበት። የሦስት ወር የዱባ ወጥ አፍ ያሰለቻል፤ ያንን መሰልቸት በናፍቆት መሸፈን ውሸት ነው። ሆኖም ውለታን ማወቅና ችግርን መናፈቅ አንድ አይደሉም። አይሁድ በፋሲካቸው የሚበሉት ያልቦካ ቂጣና መራራ ቅጠል የባርነትና የጥድፊያ ምግብ ነው፤ ግብጽን ናፍቀው አይደለም። አሜሪካኖችም ዱባን ከምስጋና በዓላቸው ጋር ያቆራኙት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ክረምቱን ያለፉት የአገሬው ሕዝብ ባስተማራቸው እህልና አትክልት ነው በሚል ትዝታ ነው፤ ያ ትዝታ የአገሬውን ሕዝብ መከራ ደብቆ ማለፉ የራሱ ጉድለት ነው። በኛ በኩል የጎደለው ግን ተቃራኒው ነው። መከራውን በደንብ እናወራለን፤ ያሻገረንን ዝም እንላለን። ልጆቻችን ስለ ሰባ ሰባት የሚያውቁት በውጭ ካሜራ የተነሣውን የከሳ ሕፃን ነው። አያታቸው በዚያ ዘመን ከአጥር ላይ ምን ቀጥፋ እንዳበሰለች፣ ፍሬውን እንዴት እንዳደረቀች፣ ከአንድ ዱባ ስንት ሰው እንዳበላች ማንም አልነገራቸውም፤ ምክንያቱም የሚነገርበት ቀን የለም። ልጁ ከትምህርት ቤት ዱባ ተሸክሞ በሚመጣበት ምሽት ካልተነገረ መቼ ይነገራል?

ደግሞ ኬክ ስለሆነ ብቻ የፈረንጅ ነው የሚለውን ቶሎ ባንቀበለው ደግ ነው። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው ከታች በምጣድ እሳት፣ ከላይ በክዳኑ ላይ በተደረገ ፍም ነው፤ ይህ ከኦቭን የሚለየው በቁልፍ ብቻ ነው። በመተማ ቤት ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ምጣዱና አክንባሎው አይጠፉም። የሚከብደው ዱቄቱ ላይ ነው። ቆላው የማሽላ አገር ነው፤ ማሽላ ደግሞ የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ያ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው ብቻውን ከተጋገረ ይፈረፈራል። ዱባ የገባበት ሊጥ ግን ይይዛል፤ እኩሌታው ማሽላ እኩሌታው ስንዴ ቢሆን ይበልጥ ይቀናዋል፤ ላዩ ላይ ሰሊጥ ቢነሰነስበት ከመተማ መጣ ለማለት ሌላ ምስክር አያሻም።

እርግጥ ነው፣ በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውኃ ማንም ለሃሎዊን አይጋግርም፤ እንዲጋግርም አልሰብክም። ጥቅምት 21 በዚያ ቆላ የሰሊጥ ሰሞን ነው፤ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ነዶ ያቆማል፣ ያራግፋል፣ ነጋዴው ዋጋ ይጠይቃል፣ የወባ ክኒን ከስኳር ይበልጥ ይፈለጋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመንገዱ አቅጣጫ ተገልብጧል፤ በካርቱም ጦርነት ሲጀመር በአንድ ወቅት የኛን ሰዎች ያስጠለለው የሱዳን ሕዝብ በመተማ በር ወደዚህ ፈሰሰ፣ በኩመርና በአውላላ የስደተኞች ሠፈሮች በድንኳን ውስጥ ክረምት አሳለፈ፤ እዚያም ሰላም አላገኘም። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ወደ ገዳሪፍ ወይም ከዚያ ራቅ ወዳለ አገር ሲደርሱ ስለ መተማ ምን እንደሚያስታውሱ አሁን ማወቅ አይቻልም። የኛው ስደተኞች ልማድ ግን ፍንጭ ይሰጣል፤ የበረሃውን ጥማት፣ የሽፍታውን ጠመንጃ፣ የደላላውን ክህደት ይተርካሉ፤ ድንበር ላይ አንዲት ሴት ዱባ ቀቅላ ብታበላቸው፣ እሷን ለማንሣት ሠላሳ ዓመትና አንድ የባዕድ በዓል ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ክርክሬ ለሃሎዊን ጠበቃ የመቆም አይደለም፤ ጭምብሉንና የፕላስቲክ አጽሙን የፈለገ ይተዋቸው። በአገር ቤት ዱባን ቀን እናውጣለት ቢባል ከሁሉ የሚሻለው የቡሄ ሰሞን ይመስለኛል፤ ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎችም መድረስ የሚጀምሩት ያኔ ነው። በሙልሙሉ ሊጥ ውስጥ ጥቂት የተፈጨ ዱባ ቢገባ ስንዴ ይቆጥባል፣ ዳቦውንም ቢጫ ያደርገዋል። ባለሙያዎቹ የቆላ እናቶች ናቸውና መጠኑን እነሱ ይወስኑ፤ የበዛ ዱባ ሊጡን እንደሚያቀጥነው ከማንም በላይ ያውቃሉ።